«ዘይት ቀይር» ያለው መኪና

ከበቆጂ ወደ አሰላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት የመኪና ጥገና አስተማሪ ያወራሉ።

«መኪና እያለዎት በታክሲ?»

«ተናድጄ ነዋ! አሰላ ያለው የልጄ ባል መካኒክ ነው። ዘይት ቀየርኩልዎ ካለኝ ገና ሦስት ወሩ፤ የመኪናው ዳሽቦርድ ግን ‹ዘይት ቀይር› ይለኛል። በስልክ ሌባ ብዬዋለሁ፤ አሁን ፊት ለፊት ልደግምለት ነው።»

«ብዙ ነድተዋል?»

«የት ሄጄ? ጠዋት ከቤት ሱቅ፣ ማታ ከሱቅ ቤት።»

«በበቆጂ ብርድ?»

«ታዲያ በየት ብርድ?»

«አባባ፣ መኪናው እኮ ዘይቱን አያየውም። ሞተሩ ምን ያህል እንደዞረ፣ ስንቴ በብርድ ተነስቶ ሳይሞቅ እንደጠፋ እየቆጠረ ነው የሚገምተው። እንዲህ ያለ አጭር መንገድ ዘይት ቶሎ ያበላሻል።»

«እና ልጁ ቀይሮታል?»

«የቀየረልዎት ዕለት ዘይቱን አይተውት ነበር?»

«አዎ፣ ማር ይመስል ነበር።»

«አሮጌ ዘይት ማር አይመስልም፤ ይጠቁራል።»

«ወይ ጉዴ!»

ሽማግሌው ስልካቸውን አወጡ።

«ሄሎ፣ አያንቱ? ባልሽ አለ? … ኧረ ለጠብ አይደለም! ምሳ ልጋብዘው ነው። … አንቺ መጀመሪያ ንገሪልኝ፤ እኔ አፍሬያለሁ።»

መንገድ ላይ ሳጉሬ ወራጅ ነበርኩ፤ የነገሩን መጨረሻ ልስማ ብዬ ሳልወርድ ቀረሁ።