ትንሽ የምታፈሰው ቧንቧ

ጦርነቱ ጋብ ባለ ሰሞን፣ ወልድያ ውስጥ ዳገት በሚወጣ ባጃጅ ላይ አንድ የቧንቧ ሠራተኛና አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ያወራሉ።

«እማማ፣ አሮጌውን መስመር ቀየርንልዎት እኮ!»

«ያቺ ታች መታጠፊያው ላይ የምታፈሰዋስ?»

«እሷንማ ነቅለን ጣልናት።»

«ውይ! ምን አደረገቻችሁ?»

«ስታፈስ ሲሰድቡን የነበሩት አንቱ አይደሉ እንዴ?»

«ሰድቤያለሁ። በጦርነቱ የሁላችንም ቤት ቧንቧ ሲደርቅ ግን ሰፈሩን ያጠጣችው እሷ ናት።»

«አዲሱ ጠብ አይልም። ውሃው ደጅዎ ድረስ ይወጣል።»

«ዛሬማ ይወጣል። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣስ?»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

«አለቃህ ሳያይህ አንዷን ቡሎን ላላ አድርግልኝ፣ ልጄ።»

ሠራተኛው እየሳቀ ወረደ፤ እኔ ግን ቤቴ እንደገባሁ ውሃው እየመጣም ቢሆን ጀሪካኖቼን በሙሉ ሞላሁ።