ፈተና የሌላት ተማሪ

«እማ፣ አንቺን የሚፈትንሽ የለ። ታዲያ ለምን ትማሪያለሽ?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ ሳቅ ብዬ አለፍኳት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ እሷ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የቀራት ጥቂት ወር ነው። የእሷ ፈተና እንቅልፍ የሚነሳው ግን እኔን ነበር።

እኔ ንባብ እንድለማመድ፣ እሷም እንድትከልስ ብለን፣ በልብስ ስፌት ሱቄ ቁጭ ብለን የድሮ ፈተናዎችን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እኔ ፊደል ስቆጥር፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳይጋመስ «ሐ» ትለኛለች። ልክ ናት። «የኔ ቀልጣፋ» እያልኩ እኮራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት አንድ ጥያቄ ገጹ ግርጌ ላይ ነበር፤ ምርጫዎቹን ለማየት ስገልጥ ሁለት ገጾች ተጣብቀው ኖሮ አብሬ ገለጥኳቸው። ጥያቄው ሙቀትን በደንብ የማያስተላልፈው የትኛው ነው ይላል። «ሐ» አለች። እኔም በተሳሳተው ገጽ ላይ ሐን ፈልጌ «የሌሊት ወፍ» ብዬ አነበብኩ።

ሳቅን። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ አቆመች። «እማ፣ ምርጫዎቹን እኮ አልሰማሁም» አለች።

በዚህ መሃል ጋሼ ከልጅ ልጃቸው ጋር የኮታቸውን እጅጌ ሊያሳጥሩ ገቡ። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የልጅ ልጃቸውንና ልጄን ለፈተናው የሚያስጠኑት እሳቸው ናቸው፤ ዘዴያቸውም የድሮ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው በቃል ማስያዝ ነው። «ካላወቃችሁ ሐን ምረጡ» ስለሚሉ ልጆቹ ከኋላቸው «ጋሼ ሐ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ልጄ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሽምደዳውን ላቆም ነው።»

እኔ ክው አልኩ።

«በደህናሽ ነው ልጄ? ፈተናው ደጅ ቆሞ?» አሉ ጋሼ።

«ጥያቄውን ሳልሰማ ነው የምመልሰው። ትንሽ ቢለውጡትስ?»

«በዚህ መንገድ ስንቱ አልፏል። መጀመሪያ ግቢ፤ ማወቁን እዚያ ትደርሺበታለሽ።»

«ገብተው በዓመቱ የተመለሱትስ፣ ጋሼ?»

«እነሱ ሰነፎች ናቸው።»

«እርስዎ ጎበዞቼ ሲሏቸው ነበር እኮ።»

«ተይ እንጂ፣ ከትልቅ ሰው ጋር እንዲህ ነው የሚወራው?» አልኳት። ነገር ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ ዝም ማለት አቃተኝ። «ጋሼ፣ ለመሆኑ ሙቀትን በደንብ የማያስተላልፈው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ ምን ነበር?»

«እንጨት።»

«ለምን?»

ሁለቱ ልጆች ተያዩ። «እትዬ፣ ለምን የሚለው እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» አለችኝ የልጅ ልጃቸው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ልጅቷን አይተው፣ መሬቱን አይተው፣ «እንዲህ ብያችኋለሁ እንዴ?» አሉ።

«ሁልጊዜ» አለች።

እኔ ዓይኔ ካውያዬ ላይ አረፈ። «የዚህ እጀታ እንጨት የሆነው ለዚሁ ይሆን?»

ጋሼ ኮታቸውን ረስተው በርጩማ ሳቡ። በብረት ውስጥ ሙቀትን እየተቀባበሉ የሚያደርሱ ደቃቅ ነገሮች እንደ ልብ እንደሚንቀሳቀሱ፣ በእንጨት ውስጥ ግን እንደታሰሩ፣ መቀሴን እያነሱና እየጣሉ አስረዱን። ስንት ዓመት ሲያስጠኑ የኖሩ ሰው ያን ዕለት አስተማሩ። ሲጨርሱ ላብ ላብ ብሏቸው፣ «ይሄ ነገር ናፍቆኝ ኖሯል ለካ» አሉ። ከዚያም ወደ ልጄ ዞረው «እሺ፣ አሸነፍሽኝ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ደንቡ ተለወጠ። የመለሰች ልጅ እኔ እስኪገባኝ ታስረዳለች፤ ስትስት ጋሼ ያርማሉ። እኔ ቶሎ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም፤ ለካ ያ ጠቀማቸው። የሚያስረዳ ሰው ቀዳዳው የት እንዳለ ራሱ ያገኘዋል፤ የገባው ነገር ደግሞ ጥያቄው መልኩን ቢለውጥም አይጠፋበትም። የልጅ ልጃቸው ሒሳብ ይከብዳት ነበር፤ ልጄ በጠመኔ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ እየጻፈች አስረዳቻት።

በፈተናው ከድሮዎቹ ጥያቄዎች የተደገመ የለም ማለት ይቻላል። ውጤት ሲመጣ የልጅ ልጃቸው አለፈች። ልጄ በጥቂት ነጥብ ሳታልፍ ቀረች።

እኔ አለቀስኩ። እሷ ግን የሳተቻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለጋሼ አስረዳች፤ የት እንደተሳሳተች፣ ለምንም እንደተሳሳተች ታውቃለች። «ድሮ ብወድቅ በምን እንደወደቅኩ አላውቅም ነበር» አለችኝ። ለዚያች የመጀመሪያ ጥያቄዋ መልስ ያገኘሁት ያኔ ነው፦ የምማረው «ለምን» ማለት እንዳላፍር ነው።

የጋሼ የልጅ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ልጄ ቀረች፤ አሁን ሱቄ ውስጥ አዲስ ለመጡት ልጆች እሷ ስታስረዳ፣ ጋሼ ከጎኗ በርጩማው ላይ ናቸው።