የአቶ ቢሰጥ ካሴት

የጨፋ ሜዳ ኤፍ ኤም ስቱዲዮ፤ ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ አቅራቢዋ ፈንታነሽና ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ቴክኒሻን የሆኑት ጋሽ አንዳርጌ በሩን ከውስጥ ቀርቅረው።

ፈንታነሽ፦ ጋሽ አንዳርጌ፣ በእናትዎ ካሴቱን ይስጡኝ! አሥር ደቂቃ ነው የቀረን።

አንዳርጌ፦ አልሰጥም አልኩ፣ አልሰጥም። እስቲ በሩ መቆለፉን እይልኝ።

ፈንታነሽ፦ ሦስቴ አየሁት እኮ! ምን ሆነዋል?

አንዳርጌ፦ ትናንት ሁለት ሰዎች ቤቴ መጥተው ነበር። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። ውሃ ለምነው ጠጡና «ልጅዎ የምትማረው እታች ሰፈር ነው አይደል?» ብለውኝ ሄዱ።

ፈንታነሽ፦ የአቶ ቢሰጥ ልጅ ነው የላካቸው! ደምሰው ነው!

አንዳርጌ፦ ቀስ በይ! መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጣቢያውን ሊገዛ የመጣው ሰውዬም አብሮት አለ።

ፈንታነሽ፦ አይቻቸዋለሁ። ይኸው ደምሰው የሰጠኝ ወረቀት፤ «ጣቢያው የአባቴ ነበር፣ ዛሬ የእኔ ነው» ብለሽ አንብቢ ብሎኛል። እኔም እኮ ፈርቻለሁ፣ ጋሼ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

አንዳርጌ፦ ታዲያ አንብቢውና እንገላገል!

ፈንታነሽ፦ እናቴ ለዚህ ቤት ድንጋይ ተሸክማለች። የአንቴናውን ምሰሶ በበሬ ጎትቶ ጋራው ላይ ያወጣው አገሬው ነው። ፈቃዱ በአንድ ሰው ስም ይሁን ስለተባለ በአቶ ቢሰጥ ስም ወጣ እንጂ።

አንዳርጌ፦ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? የምሰሶውን ገመድ የያዝኩት እኔ!

ፈንታነሽ፦ እንግዲያው በጣቢያው ምረቃ ቀን አቶ ቢሰጥ የተናገሩትን ከካሴቱ እናሰማ። «በስሜ ይዤዋለሁ እንጂ የእናንተ ነው» ያሉትን። ትናንት ለአድማጭ ቃል ገብቻለሁ።

አንዳርጌ፦ ማን ቃል ግቢ አለሽ? ሳትጠይቂኝ!

ፈንታነሽ፦ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «መሳቢያዬ ውስጥ ነው» ሲሉ አልነበር? ደምሰው እስካሁን ያልሸጠው ካሴቱን ፈርቶ እኮ ነው!

አንዳርጌ፦ እንዲፈራው ብዬ ነዋ!

ፈንታነሽ፦ ምን ማለትዎ ነው?

አንዳርጌ፦ ያኔ ባዶ ካሴት የት ተገኝቶ፣ ፈንታዬ? ባለው ላይ ነበር ደርበን የምንቀዳው። አቶ ቢሰጥ የሞቱ ቀን ቀብሩን ቅዳ ተባልኩ። ከመሳቢያው አንዱን መዝዤ ሮጥኩ። ተመልሼ ሳዳምጠው…

ፈንታነሽ፦ በማርያም፣ እንዳይሉኝ!

አንዳርጌ፦ ለቅሶ ብቻ ነው ያለው። ቃላቸው ላይ የገዛ ቀብራቸውን ቀዳሁበት። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ፈራሁ።

ፈንታነሽ፦ ጉዴ ፈላ! ከተማው ሁሉ ሬዲዮ ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው።

አንዳርጌ፦ ቴፑ ተበላሸ በያቸው… ሰማሽ? በሩን እየደበደቡ ነው!

ፈንታነሽ፦ ይደብድቡ። የምረቃው ቀን ማይኩን ለአቶ ቢሰጥ የያዘላቸው ማን ነበር?

አንዳርጌ፦ እኔ ነኛ።

ፈንታነሽ፦ እንግዲያው ይቀመጡ። እዚህ፣ የእኔ ወንበር ላይ።

አንዳርጌ፦ አብደሻል? በዕድሜዬ ማይክ ላይ ተናግሬ አላውቅም! ልጄስ?

ፈንታነሽ፦ እናቴ ሄዳ ከትምህርት ቤት ታመጣታለች፣ አሁን እደውልላታለሁ። ሰዎቹ ቤትዎ መጥተው ያሉትንም ይናገሩ። ዝም ካልን ነው እኔ ለልጅቷ የምፈራው፤ አገር ከሰማ ማን ይነካታል?

አንዳርጌ፦ ምን ብዬ ልጀምር፣ ልጄ?

ፈንታነሽ፦ ከስምዎ ይጀምሩ። ቀይዋ መብራት በራች፤ ይበሉ።

አንዳርጌ፦ …እንደምን አደራችሁ። አንዳርጌ ነኝ፣ ቴክኒሻኑ። የአቶ ቢሰጥን ካሴት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በምረቃው ቀን ግን «ጣቢያው የእናንተ ነው» ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን አብራችሁኝ የሰማችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ኑልን፤ በሩን እየሰበሩት ነው።