ለሥላሴ የሚደርስ ጎማ

— ሄሎ… ሄሎ፣ ይርሳው? … ቆይ፣ አልሰማህም። ጋሽ ትዕዛዙ፣ መንፊያውን ለአንድ አፍታ ያጥፉልኝማ፣ ወንድሜ ነው ከባሕር ዳር የሚደውለው። የጋሪው ጎማ ይደርሳል። … እህ፣ አሁን መጣህ። ትሰማኛለህ?

— ደህና ነኝ። … ክርኔም ደህና ነው፣ ቁስሉ ደርቋል። … እዚሁ ቆሰበር፣ ጎሚስታው ጋሽ ትዕዛዙ ዘንድ ነኝ። ብስክሌቴን ገልብጠን እያየናት ነው። አንተስ፣ የጎማ ሱቁን አገኘኸው?

— አዎ፣ አረንጓዴ በር ያለው፣ እሱ ነው። … ሚኒባሱ መቼ ይነሣል? … ሃያ ደቂቃ። ትንሽ ናት፣ ግን ትበቃናለች። ሳትገዛ መደወልህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አንተን አውቅህ የለ፣ የሰጡህን ተሸክመህ ነበር የምትመጣ።

— ምን አሳዩህ? … ትልልቅ ጥርስ ያለው። … የአውራ ጣት ያህል። … እርስ በርሱ የተራራቀ፣ የትራክተር ጎማ የሚመስል። … አውቀዋለሁ። እሱን መልስላቸው።

— መልስላቸው አልኩህ። … ጠንካራ መሆኑን መች አጣሁት። የጭቃ ጎማ ነው፣ ይርሳው።

— አገራችንማ የጭቃ አገር ነው። አሁን ያለንበት ወር ማን ነው? … ጥር። እንግዲህ ጥር ላይ ጭቃ ከየት ታመጣልኛለህ?

— አትሳቅ፣ እኔም ያው ነኝ። የዓመቱን ግማሽ ሲዘንብብን ስለሚኖር፣ ጎማ ስንገዛ ዓይናችን ጥርሱ ላይ ነው፤ የረዘመውን አንሥተን እንወጣለን። አሁን ያለኝም እሱ ነው፣ በሐምሌ የገዛሁት። ሐምሌ ላይ ሸጋ ነበር፣ አንድ ቀን አልጣለኝም። … አሁን ግን መንገዱን አንተም ታውቀዋለህ። ከሥሩ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ከላዩ ደግሞ ገረጋንቲው ተፈንቅሎ፣ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ቅጠል ተነጥፎበት፣ የፈሰሰ ሽንብራ ላይ እንደ መሄድ ነው። ረጅሙ ጥርስ የሚገባበት ለስላሳ መሬት ሲያጣ ይታጠፋል። ከታጠፈ ደግሞ አይይዝም። በቃ፣ ይዞህ ይሄዳል።

— ምን? … አይ፣ ሙልጭ ያለውን መች አልኩህ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አትዝለል እንጂ። … ባለሱቋ አጠገብህ ናት? በል ስልኩን ለሷ ስጣት። … ስጣት፣ ምን ያሳፍርሃል።

— ሄሎ፣ እንደምን አረፈድሽ እህቴ። ምሥራቅ እባላለሁ፣ የይርሳው እህት። … እግዚአብሔር ይመስገን። … ይቅርታ አድርጊለት፣ ስለ ፈረስ ብትጠይቂው እስኪመሽ ያጫውትሽ ነበር። … እሱንም አጫወተሽ? እንግዲያው ተዋውቃችኋል።

— የለም፣ ለውድድር አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የፈረስ ክትባት በበረዶ ሳጥን አድርጌ፣ ከኋላዬ አስሬ፣ ከዘንገና ወዲያ ያሉ ሦስት መንደሮች ነው የማደርሰው። … የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል መለዋወጫ እየጠበቀ ቆሟል። ባጃጅም ከአስፋልቱ አይወርድም። በእግሬ ብሄድ አንዱን መንደር ብቻ አዳርሼ ይመሽብኛል።

— ከነገ ወዲያ፣ የሥላሴ ዕለት። … በሌላው ቀንማ ፈረሱ ጋሪ ላይ ነው፣ ባለቤቱም አውድማ ላይ ነው፣ ማንን ታገኛለሽ? ሥላሴ ግን ሥራ የለም። ከቅዳሴ ሲወጡ ፈረሶቹን በየቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ሰብስበው ይጠብቁኛል። … እሷ ካለፈች ሌላ ቀን የለኝም። ጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞቹ በዓል ነው። የተከተበ ፈረስ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ መጋለብ የለበትም። ቁጠሪው እስቲ፣ ከሰባት እስከ ሃያ ሦስት። … አሥራ ስድስት። አዎ፣ የምትተርፈኝ ሁለት ቀን ናት። … ሳይከተቡ ከሄዱማ ከየወረዳው ከመጣ ፈረስ ጋር ይቀላቀላሉ። ካቻምና በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ፈረስ ቀብረናል። የኛም ቤት አንዱ ነበር።

— እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ልንገርሽ። ቸርኬዬ ሃያ ስድስት ኢንች ነው። ለፊት ሰፋ ያለ ፈልጊልኝ፣ ሁለት ነጥብ ሦስት፣ ካለሽም ሁለት ነጥብ አራት። የመሀሉ ጥርስ መካከለኛ ሆኖ ጠጋ ጠጋ ያለ፤ የዳርና ዳሩ ግን ከፍ ብሎ የቆመ። … ልክ ነሽ፣ ስትታጠፊ የሚይዝሽ የዳሩ ነው። አየሽ፣ ከወንድሜ ጋር ምን ስደክም ነበር። … ደግሞ ገላው ለስለስ ያለ ይሁን፣ የደረቀው ድንጋይ ላይ ይዘላል። … ግድግዳው ላይ የተሰቀለው? በጥፍርሽ ጫን አድርጊልኝ እስቲ። … ምልክት ጣለ? ተመስገን። እሱን አውርጂው።

— ለኋላ ሁለት ነጥብ ሁለት። ከዚያ በላይ አያስገባም፣ ለክቼዋለሁ፤ በጎማውና በብረቱ መካከል ትንሿ ጣቴ ብቻ ናት የምታልፈው። የኋላው ጥርስ አጠር ይበል፣ ቀለል ብሎ የሚሽከረከር፤ ዳገቱን እኮ የምገፋው በሱ ነው። … የለሽም? … ጋሽ ትዕዛዙ፣ አይፍቱት ገና፣ ትንሽ ይቆዩ። … ሄሎ፣ አለሁ። ያለሽ ሁለት ነጥብ አንድ ነው። … ጎኑስ ወፍራም ነው? … በቃ፣ እሱን እወስዳለሁ። የፊቱ ከያዘልኝ የኋላው ቢወናከርም እችለዋለሁ። … ውስጡ የሚገባ ከመነዳሪም ሁለት ጨምሪልኝ፣ ድንጋይ ቢነክሰው መንገድ ላይ እንዳልቀር። … አሜን፣ ላንቺም። በይ መልሺልኝ ያንን ፈረሰኛ።

— ሄሎ፣ ወንድምዓለም። … አዎ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። አላታለለችህም፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኳት። … ለምን? ፈረስህ፣ ዳማው፣ ቁልቁለት ሲወርድ መሬት ፈልጎ የሚያስቀምጠው የትኛውን እግሩን ነው? … የፊቱን። የኋላውስ ምን ይሠራል? … ይገፋል፣ ቁጭ ይላል። እንግዲህ ራስህ መለስከው። ብስክሌትም የፊቱ ከሸሸ ወደቅህ። የኋላው ቢሸሽ ትደነግጥና መንገድህን ትቀጥላለህ።

— ማን ነው የሚስቀው? ጋሽ ትዕዛዙ ናቸው። አንድ እግሯ ላይ ጫማ፣ ባንዱ ላይ ቦት ጫማ አድርጋ ቅዳሴ የምትሄድ ሴት እያሉኝ ነው። … ይሳቁ፣ ግድ የለም። ለቅዳሴው ከደረስኩ በባዶ እግሬም እሄዳለሁ።

— በፈረስህ? … አይሆንም። … አመሰግናለሁ፣ አይሆንም ግን። አስበው እስቲ፣ ዳማውም አልተከተበም። ሳልከትበው ሕመም ካለበት መንደር ወደሌለበት ይዤው ልዙር? ከከተብኩት በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይረፍ ብዬ ሰው እያዘዝኩ፣ እኔው ልቀመጥበት? … ይኸው። … በቅሎም አልፈልግም። የመንደሮቹ ሽማግሌዎች፣ እነአቶ ይኸነው፣ «ወንድ ይላክልን» እንዳሉ ሰምቻለሁ። … አትሸፋፍንልኝ፣ ሰምቻለሁ። በዚችው በወደቅኩባት ብስክሌት ነው የምደርሰው። መድኃኒቱን ትናንት ተረክቤያለሁ። እንደ ፊተኛው ይህም ከፈሰሰ ሦስተኛ እንደማይሰጡኝ ነግረውኛል።

— አየሩን? … እንደ ከበሮ እስኪጮህ። … አይ፣ እሱን ነው የማልፈልገው። ጋሽ ትዕዛዙም ያንኑ ነው የሚሉኝ። እዚህ አገር ጎማ ተነፋ የሚባለው በጣት ሲመቱት ሲጮህ ነው። … ድንች ለጫነ ጋሪ እውነት ነው፣ አልካድኩም። እኔ ግን በመለኪያው ከሁለት ጥቂት ብቻ አለፍ ቢል ይበቃኛል። … አዎ፣ ለስለስ ይላል። ለስለስ ሲል ነው ጠጠሩ ላይ ተኝቶ የሚይዘው። ከጠጠረ ይነጥራል። … ከማን ሰማሁት? ከማንም። ሞክሬው ነው።

— ትናንት። … ብቻዬን። … እዚያው፣ ከሰል ከሚያከስሉበት በታች ያለው ኩርባ፣ የወደቅኩበት። አየሩን ቀንሼ አራት ጊዜ ወረድኩት። ሦስቱን ያዘልኝ። በአራተኛው ሸሸት አለ፣ የዳሩ ጥርስ ተገምጦ አልቋል። አዲስ ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

— … ይርሳው። አንድ ነገር ልንገርህ፣ አታቋርጠኝ። … የለም ጋሽ ትዕዛዙ፣ አይነሡ፣ እርስዎም ይስሙት።

— የዛሬ አምስት ቀን የጣለኝ ፈረስህ አይደለም። … አታቋርጠኝ ብዬህ ነበር። ትናንት ዱካዬን አገኘሁት። ከመንገዱ ዳር ነው፣ ቅጠሉ ላይ፣ ማንም አልረገጠውም። የፊት ጎማዬ መንሸራተት የጀመረው ከኩርባው በላይ ነው፣ ከመጀመሪያው የከሰል ጉድጓድ አጠገብ። እዚያ ቆሜ ወደ ታች አየሁ፤ ዛፉ ይከልላል፣ ፈረስ አይደለም ቤት አይታይም። አንተን ያየሁህ መሬት ላይ ተጋድሜ ነው። … አዎ። ያን ቀን ጋሽ ትዕዛዙ አየሩን አራት ላይ ሊያቆሙ ሲሉ «ይጨምሩ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይኸው ቆመዋል፣ ይመስክሩ። … የመቶ ሃያ ፈረስ መድኃኒት ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። ሰዉ ሁሉ «የይርሳው ፈረስ አስደንግጧት ነው» ሲል እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ቀለለኝ። ያው ነው ነገሩ።

— ቆይ ይርሳው፣ ድምፅህ ተቆራረጠብኝ።

— ምን አልክ? … ድገመው። … ታውቅ ነበር?

— ከየት ሆነህ? … ድምፁን። … ጠጠሩ ሲንሸራተት ከታች ሆነህ ሰምተህ። … እና የጋለብከው… ልትደርስልኝ ነው? … እነሱ ደግሞ ስትጋልብ ብቻ አዩህ።

— ታዲያ ለምን «ፈረሴ ነው» አልካቸው? … … በብስክሌት የሚሆን ሥራ አይደለም እንዳይሉኝ። … ለዚህ ብለህ ነው ከፈረሰኞቹ የፊት ረድፍ ሲያስወጡህ ዝም ያልከው? ሃያ ሦስት ላይ አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የቆመበትን ቦታ? … አይ ይርሳው። አይ አንተ ሰው።

— … አላለቀስኩም። የጎማ አቧራ ነው፣ ጎሚስታ ቤት ነኝ አልኩህ እኮ።

— አይሆንም። ዝም በይ የምትለውን አልሰማህም። የሥላሴ ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ፣ አንድ መርፌ ሳላወጣ፣ አቶ ይኸነው ባሉበት ቆሜ እነግራቸዋለሁ። … ይበሉ። «ወንድ ይላክልን» ይበሉ። መድኃኒቱ እጄ ላይ ነው፣ ፈረሶቹም እዚያው ቆመዋል፣ ወንዱ እስኪላክ ማን ይከትብላቸዋል? መጀመሪያ ይሰሙኛል፣ ቀጥለው ፈረሶቻቸውን ይይዙልኛል። … እያማከርኩህ አይደለም፣ እየነገርኩህ ነው። አንተም ተነሥተህ «ፈረሴ ነው» ብትል፣ ታላቄ ነህ አልልህም፣ ሕዝብ ፊት ውሸታም እልሃለሁ።

— እ? … እሱ የሚያንባርቀው ያንተ ሚኒባስ ነው? በል ሂድ። … ጎማዎቹን ጣራ ላይ አትስጣቸው፣ ጉልበትህ ላይ ያዛቸው። … ሰፊው የፊት ነው፣ እንዳትረሳው። … አዎ፣ እንደ ዳማው እግር። … ዳንግላ ስትደርስ ደውልልኝ፣ መነኻሪያ ወጥቼ እጠብቅሃለሁ። … እሺ። … እሺ ወንድምዓለም። ሂድ፣ ጥሎህ እንዳይሄድ።

— … ዘጋው። ምን ያዩኛል ጋሽ ትዕዛዙ? ሰምተዋል አይደል። በሉ አሁን ይፍቷቸው። … ሁለቱንም። አዲሶቹ እስኪደርሱ ቸርኬውን እኔ እጠርገዋለሁ። … ማታ ሲነፉልኝ ግን በጣት መምታት የለም፤ በአውራ ጣትዎ ነው የሚጫኑት፣ እኔም እጫነዋለሁ። … አውቃለሁ፣ ለስላሳ ጎማ ከቤትዎ ወጥቶ አያውቅም። ሰው ከጠየቀዎት «ምሥራቅ ናት ያለችው» ይበሉ። … አዎ፣ በስሜ። … በሉ ቫልቩን ይክፈቱት።