ራስ ሳይድን ዋንጫ

«አሰግዬ፣ ዛሬ ቆሮሶው እንዴት ሰብቷል፣ ማሻአላህ! ንፋሱም ረግቷል። ሐይቁ ራሱ አርፎ ተኝቷል… ማረፍ ደግ ነው፣ አይደል?»

መስኡዳ የቆሮሶ ዓሣውን ቅርፊት እየፋቀች ነበር። ጎረቤቷ አሰገደች አጠገቧ ምስር ትለቅማለች። ደጃፉ መደብ ላይ ደግሞ አሰልጣኙ ጓንት ይዞ ተቀምጧል፤ የመስኡዳ ልጅ ሪታጅ ለነገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብ እንድትጠብቅለት ሊጠይቅ ነው የመጣው። ሪታጅ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሐሙስ ጭንቅላቷ ከግቡ ብረት ጋር ከተላተመ ወዲህ ያስመልሳታል፣ ብርሃን መቋቋምም አልቻለችም። እናቷ ተቆጥታለች። ግን እግሩ ደጅ የረገጠ እንግዳ አይባረርምና ፊቷን ወደ አሰገደች አዞረች።

«እኔማ ሰው ማመስገን እወዳለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ልጆቻችን ድንጋጤው እንዲለቃቸው ሜዳ ያወጣቸው ማን ሆነና? ደግሞ ወላሂ የተማረ ነው! ደሴ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጭንቅላት ሰልጥኖ መጣ፤ ኮፍያም ተሰጠው። ለጭንቅላቱ… ደንቡንም በወረቀት ይዟል፤ ‹ራሱን የተመታ ልጅ ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስ› ይላል። እንዴት ያለ ንጹሕ ወረቀት መሰለሽ! እጥፋቱ እንኳ አልተነካም።»

አሰገደች ከምስሩ ቀና አላለችም። ሳቋን ይዛለች።

«ሐሙስ አንዷ ልጅ ስትወድቅ ሮጦ አልደረሰላትም? አንድ ጀሪካን ውሃ አናቷ ላይ ገለበጠ። ‹ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?› አላት፤ ልክ እንደ ወረቀቱ። ‹አረፋ› አለችው። አረፋ ካለፈ ስንት ወሩ! ‹በርቺ አንበሳዬ!› ብሎ መለሳት። በዓል ይወዳል መሰለኝ… ድሮ ራስ ሳይጠና ጉተና ይሉ ነበር፤ ዘንድሮ ራስ ሳይድን ዋንጫ ሆነ። ዋንጫውስ ቢሆን ለልጆቹ እኮ ነው! እሱማ ፎቶ ብቻ ነው የሚነሳው።

«ብቻ ደንቡን አያውቅም እንዳትይኝ፣ እጣላሻለሁ። የራሱ ልጅ ከባጃጅ ሲወርድ ተደናቅፎ ግንባሩ የዚህችን ምስር ያህል ሲያብጥ፣ በኮንትራት መኪና ደሴ አላደረሰውም? ሁለት ሳምንት መጋረጃ ዘግቶ አላስተኛውም? ‹ወረቀቱ እንዲህ ይላል› እያለ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለሌላ ሰው ነው። የእሱስ አያርርበትም…»

ከውስጥ ሪታጅ ስታስመልስ ተሰማ። አሰልጣኙ ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው። መስኡዳ ቢላዋዋን ጣለች። ፈገግታዋን ግን አልለቀቀችም።

«አሰግዬ፣ ጓንት የያዘ እንግዳ ድንገት ቢመጣ፣ መደቡ ላይ አኑሮት ይሂድ በይው። ሐኪም ‹ተጫወቺ› ያላት ቀን ታነሳዋለች።»

አሰልጣኙ ጓንቱን መደቡ ላይ አኖረና ተነሣ። መስኡዳ እጇን ተለቃልቃ ለዱዓ ዘረጋች።

«እንዲያው በባዶ አንሸኘው። እጅሽን ዘርጊና አሚን በይ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ዋንጫውንም ይስጠው። ያ የሚሳሳለት ልጁም ይደግለት፣ ኳስ ተጫዋች ይሁንለት። ሲጫወትም… አላህ ልክ እንደ አባቱ ያለ አሰልጣኝ ይስጠው።»