የወይዘሮ የትምወርቅ መጭመቂያ

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ክረምት፣ ጣሊያን ዲላን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ወይዘሮ የትምወርቅ በነጋዴው በፈድሉ መጋዘን በራፍ ላይ እጀታ ሲዞር በርሜላቸው እየተሽከረከረ ውሃ የሚያወጣ ሁለት የልብስ መጭመቂያ መኪናዎችን አስቀርበው ሲያዩ፣ አንድ ጎልማሳ ከመንገዱ ጎራ ብሎ እጅ ነሣቸው። የሟች ጎረቤታቸው ልጅ ሰብስቤ ነበር። በድሬዳዋ ፈረንጅ አፍ ተምሮ፣ ባቡር በሚጠገንበት ቤት ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ዲላ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው።

ወይዘሮ የትምወርቅ ለገዳራ ወንዝ ዳር ስምንት ሴቶች ይዘው የሐኪም ቤቱን አንሶላና ብርድ ልብስ ያሳጥባሉ። ማጠቡስ ይለመዳል፤ የሚገድለው መጭመቁ ነው። ሁለት ሴቶች ብርድ ልብሱን ግራና ቀኝ ይዘው ሲያጠማዝዙ ይውላሉ፤ ዝናቡ ፋታ ስለማይሰጥ ግን ሳይደርቅ ይሻግታል። በቅርቡ አንዲት አራስ እርሳቸው በላኩት እርጥብ አንሶላ ላይ ስትንቀጠቀጥ በዓይናቸው አይተው አፍረው ተመለሱ። መኪና ለመግዛት የቆረጡት ያን ዕለት ነው።

«እንኳን እግዜር አመጣህ ልጄ» አሉት። «ይቺን አረንጓዴዋን ልወስድ ነው። እንዴት ታምራለች!»

«ማማሩንስ ታምራለች፣ እትዬ። ግን ጥቁሩን ለምን ተዉት?»

«ሰው ሠርቶበት የጣለውን? ስድስት ሰው ነው እያቃሰተ ያወረደው። አዲስ እያለ አሮጌ የሚገዛ ማን አለ?»

«አሮጌነቱ ምስክሩ ነው፤ ስንት ዓመት ሠርቶ ይኸው ቆሟል። የአዲሷ ምስክር ግን ገና እርስዎ ሊሆኑ ነው።»

ወይዘሮ የትምወርቅ ቅር አላቸው። «እኔ ልብስ ሳጥብ አንተ አልተወለድክም» አሉ።

«እውነት ነው፤ ስለ ልብሱ እርስዎ ያስተምሩኝ። ከሳሙና ሌላ ምን ትጨምራላችሁ?»

«የአመድ ውሃ ነዋ! ያለ እሱ የበሽተኛ አንሶላ ይነጻል?»

«እጅ አይልጥም?»

«አይልጥም ወይ! የአጣቢዬን የአልጋነሽን መዳፍ ባየህ።»

«እጅ የላጠ ቀለምን ይምራል?»

ሰብስቤ ፈድሉን አስፈቅዶ የአረንጓዴዋን በርሜል ውስጡን በምስማር ጫር ቢያደርገው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ከሥሩ ቶሎ የሚዝግ ስስ ቆርቆሮ ነበር። የጥቁሩን ሲፍቀው ግን የማይዝግ ቀይ መዳብ ብቅ አለ።

«ወላሂ፣ እኔም ቀለሟን አምኜ ነው የገዛኋት» አለ ፈድሉ።

ወይዘሮ የትምወርቅ ግን እልኸኛ ናቸው። «ክብደቱሳ? በሬ ነው እንዴ የሚያዞረው?»

«ከባዱ እግሩ ነው እንጂ እጀታው አይደለም፤ ይሞክሩት።»

የተነከረ ብርድ ልብስ በሁለቱም ውስጥ ተከተተ። አረንጓዴዋ ገና መሽከርከር ስትጀምር ዘልላ ዘልላ የበሩን መቃን መታች፤ ከበው ያዩ የነበሩት የመጋዘኑ ኩሊዎች ሸሽተው ተበታተኑ። ጥቁሩ አጉረመረመ እንጂ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ውሃው በማፍሰሻ አፉ ይንዠቀዠቅ ጀመር። እጀታውን ያዞሩት ራሳቸው ወይዘሮ የትምወርቅ ነበሩ። ብርድ ልብሱን አውጥተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፤ አንዲት ጠብታ የለም።

«ሲበላሽስ? ሮማ ልልከው ነው?»

«ቶሎ የሚያልቀው ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው። ይኸው፣ ብሎኑ ሲፈታ ይወጣል፤ የከተማችን አንጥረኛ አይቶ ይሠራዋል። የአረንጓዴዋ ግን ከበርሜሏ ጋር አንድ ላይ ተበይዷል፤ እሱ ሲያልቅ እሷም አለቀች።»

ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው ኩሽኔታውን አዩት። ከዚያ «ፈድሉ፣ ጥቁሩን አስጭንልኝ» አሉ። ሰው ስሕተቱን ሳያፍር ሲያርም ደስ ይላል።

ጥቅሙ ለመታየት አልዘገየም። ጠዋት የታጠበ አንሶላ ጣራ ሥር ተሰጥቶ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል፤ ስለማይጠማዘዝም አይቀደድም። ሴቶቹ በማጠማዘዝ ያብጥ የነበረውን የእጅ አንጓቸውን በጨርቅ ማሰር ተዉ። ሐኪም ቤት የተኛ ሁሉ፣ ጌዴኦም ይሁን አማራ፣ ጉራጌም ይሁን ኦሮሞ፣ ደረቅ መኝታ አገኘ። ዘንጉን በየሳምንቱ ቅባት የሚቀቡት ወይዘሮ የትምወርቅ ናቸው፤ ለሌላ ሰው አያምኑም።

ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ግን፣ የሚሽከረከር በርሜል እጅ ይሰብራልና፣ በርሜሉ ሳይቆም ክዳኑ እንዳይከፈት ያወጡትን ደንብ ነው። አንድ ቀን አንድ የጣሊያን መኮንን እየተጣደፈ መጣና፣ ለእጥበት የሰጠው የደንብ ልብስ በመኪናው ውስጥ እየተሽከረከረ ሳለ ክዳኑን ሊያነሣ እጁን ሰደደ። ወይዘሮ የትምወርቅ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ ጫኑ።

«ሳይቆም አይከፈትም!»

ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። መኮንኑ አማርኛውን አልሰማም፤ ፊታቸውን ግን አየ። እጁን መለሰ፤ በካፊያው መካከል ቆሞ፣ በርሜሉ ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ፣ ጸጥ እስኪል ድረስ ጠበቀ።