አህያ የሚሸሸው ነርስ

በእኛ ጊዜ፣ ዓለምነሽ፣ የከብት ሐኪም ለመሆን ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። ፍየሏን እዚህ አጠገቤ ምሰሶው ላይ እሰሪያትና ተቀመጭ። ትተኮስልኝ ያልሽውን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ስሚኝ። በእኛ ጊዜ ብረት ያለው ሰው ሐኪም ነው፣ አለቀ። አባቴ መተማ ላይ የታመመ ከብት በጋለ ብረት ይተኩስ ነበር፣ እኔም ለሰሊጥ አጨዳ ብዬ ድንበሩን አልፌ ወደዚህ ወደ ባሱንዳ ስሻገር ብረቱን ይዤ ተሻገርሁ፣ እና እኔ እዚሁ ስቀር እሱም አብሮኝ ቀረ። ከብቱ ከዳነ እጄ ነው ያዳነው፤ ከሞተ ቀኑ ደርሶ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የት ይገኛል? እስኪ ንገሪኝ፣ የት ይገኛል?

ታዲያ የከብት ሐኪም ቤት ተከፈተ፤ እዚህ በይጠሪ ነው የሚሉት። ዶክተር ራሔል የምትባል ልጅ፣ አባት እናቷ የአገራችን ሰዎች፣ እሷ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ አረንጓዴ ጋውን ለብሳ ተቀመጠች፣ እና ሰው ሁሉ ከብቱን ወደ እሷ ይነዳ ጀመር። በደጄ እያለፉ ነው እኮ የሚሄዱት። «ሐኪም፣ እንዴት አደሩ» ይሉኝ የነበሩት ሰዎች «አያ ታከለ፣ እንዴት አደሩ» ማለት ጀመሩ። ሐኪም የምትለዋ ቀረች። አንች ወጣት ነሽ፣ ይኽ አይገባሽም። በሰው አገር ያለ ሽማግሌ ሥራው ከቀረ ጥላ ሥር ከዶሮ ጋር ነው የሚቆጠረው። እኔ ከሰው ጋር መቆጠር ነው የምፈልገው። ያን ስሜን መልሼ አገኘዋለሁ አልሁ።

ነገሩን የጀመረችው ባለቤቴ ትርንጎ ናት። «በይጠሪው ነርስ እናስተምራለን እያለ ነው። የእንስሳት ነርስ። ሂድና ተማር» አለችኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ከዶሮዎቼ መሐል ብትነሣልኝ ምን አለበት።»

ሄድሁ። ራሔል ወንበር ሰጠችኝና ትጠይቀኝ ጀመር። «ያ ዓሚ» አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ ዐረብኛው ይቀድማታል፣ «ልምድ አለዎት?»

«እናትሽ ሳትወለድ ጀምሮ።»

«ከብት ሲያስለው ምን ያደርጋሉ?»

«አንገቱን እተኩሳለሁ።»

«ሲያነክስ?»

«ታፋውን እተኩሳለሁ።»

«መብላት ሲያቆምስ?»

«ከንፈሩን ትንሽ ነካ።»

«ምንም ሳይሆን ቢመጣስ?»

«እንግዲህ ከመጣ አይቀር» አልኋት።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ኸላስ፣ ይበቃል። አስተምርዎታለሁ፤ ብረቱ ግን እቤት ይቀራል» አለች። እሺ አልሁ። ታዲያ ጉልበቴን ያመኝ የለ? ብረቱ ረጅም ነው፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ምርኩዝ አደረግሁት። ለምርኩዝ እንጂ ለሕክምና አልያዝሁትም፤ ቃሌን አልበላሁም።

ትምህርቱ የልጅ ልጆቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ነው። እጅ መታጠብ ተማርን፣ እንደገና እጅ መታጠብ ተማርን፣ ከዚያ ሙቀት መለካት መጣ። ሙቀት መለኪያው በየት እንደሚገባ ታውቂያለሽ? ከጅራቱ ሥር። ይኽን ስሰማ አባቴ በሕይወት ባለመኖሩ አመሰገንሁ። ግን ሁሉንም ያዝሁት፣ ጥያቄ ሲመጣ ከልጆቹ ቀድሜ እመልሳለሁ፣ እና ጋውኑን ገና ሳይሰጡኝ ለብሼው በሰፈር መሐል እንዴት እንደማልፍ አስብ ነበር።

የፈተናው ቀን የሰፈሩ ሰው ከብቱን ይዞ መጣ። እያንዳንዳችን አንድ እንስሳ ይዘን፣ አረጋግተን፣ ሙቀቱን መለካት ነው። ተራዬ ደረሰ። ምርኩዜን ይዤ ወደ ግቢው ስገባ፣ ዓለምነሽ፣ ፍየሎቹ ብድግ አሉ፣ እና አጥሩን ዘለሉት። ላሚቱ ገመዷን በጥሳ ልጆቹን ገፍታ ወጣች። ሸጋው ደግሞ፣ ያ የእትዬ ዘነቡ አህያ፣ ውኃ በጋሪ የሚያመላልሰው፣ ከነጋሪው ከነበርሜሉ በሩን ጥሶ በረረ። ውኃው እኔ ላይ ፈሰሰ። ግቢው ውስጥ ራሔልና እኔ ብቻ ቀረን።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ራሔል።

እትዬ ዘነቡ ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ ረጋ ያለች ሴት ናት ታውቂያት የለ፣ «ምንም አልሆኑ ዶክተር፣ አያ ታከለ ያዳናቸው ናቸው» አለቻት።

ራሔል ይኽን ጊዜ አልሳቀችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ያ ዓሚ፣ በሽተኛው ሲያየው ለሚሸሸው ነርስ ጋውን አልሰጥም። ሸጋው በእጅዎ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀን ይምጡ» አለችኝ።

የአንድ አህያ ፈቃድ ቀረኝ ማለት ነው። ታዲያ እትዬ ዘነቡ ደጅ እየሄድሁ መለማመጥ ጀመርሁ። አገዳ ይዤ ሄድሁ፣ ሸሸኝ። ማሽላ ይዤ ሄድሁ፣ ሸሸኝ። «ሸጋው፣ የኔ ሸጋ፣ ና እስኪ» እላለሁ፣ እሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ከጋሪው ጀርባ ይደበቃል። ሰፈሩ ቆሞ ያያል። ትርንጎም ሳትቀር መጥታ «እኔን እንዲህ አልለመንኸኝም ነበር» አለችኝ።

«አንች አልሸሸሽማ።»

«የሸሸ እንደሚለመን መቼ ዐወቅሁ» አለች፣ እና ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

አንድ ቀን ደክሞኝ ዝም ብዬ ቆሜ ሳየው፣ ሸጋው የሚያየው ፊቴን አይደለም። እጄን ነው። ምርኩዙን። በጨርቅ ብጠቀልለው እሱ ያውቀዋል፣ ከንፈሩ ላይ አርፎበታላ። እና ምን ትዝ አለኝ? ይኸው፣ ሆዴን እይው። ልጅ ሳለሁ የወፍ በሽታ ይዞታል ብሎ አባቴ የተኮሰኝ ነው፣ በዚሁ ብረት። ከዚያ ወዲያ አባቴ ረዘም ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ ካየሁ፣ ሸንኮራ እንኳ ይዞልኝ ቢሆን፣ እሮጥ ነበር። ሰውዬው እኮ ይወደኝ ነበር። እሱ እንደወደደኝ፣ እኔ እንደሸሸሁት ሞተ። አህያው አሳዘነኝ፣ አባቴም አሳዘነኝ። የትኛው ይበልጥ እንዳሳዘነኝ አትጠይቂኝ።

እቤት ገብቼ ብረቱን ለትርንጎ ሰጠኋት። እሳት መቆስቆሻ አደረገችው፤ ያውና ምድጃው ውስጥ። ከዚያ ባዶ እጄን እየሄድሁ ጀርባዬን ለሸጋው ሰጥቼ መሬት ላይ እቀመጥ ጀመር። አልመጣም። በሌላውም ቀን አልመጣም። ውሎ አድሮ አንገቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝ፣ ከዚያ እርጥብ ከንፈር፣ ጠባሳው ይሻክራል። አልተነቃነቅሁም። አልቅሼ እንደሆነም አልነግርሽም። ራሔል ተጠርታ መጣች፣ እሷ እያየች የሸጋውን ሙቀት ለካሁ፣ ደኅና ነው። ጋውኑ ይኸው የለበስሁት ነው፤ እጄ ላይ ያጥረኛል።

ታዲያ ሐኪም የሚለው ስሜ ተመለሰ? የት ተመልሶ። ሰው ከብቱን ይዞ ይመጣል፣ እለካለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ፣ ራሔል ያዘዘችውን መድኃኒት እሰጣለሁ፣ እና ሰውዬው ቆሞ ይቀራል። «ምን ትጠብቃለህ?» ስለው «ሕክምናውን» ይለኛል። ያለ ብረት ምን ሐኪም ነው እያሉ ያሙኛል። ሰው ሲያምነኝ ከብት ይሸሸኝ ነበር፤ አሁን ከብቱ ሲያምነኝ ሰው ሸሸኝ። በይ፣ ፍየልሽ ሳል ነው ያልሽኝ? ነገ እኔው ራሴ ራሔል ዘንድ አደርሳታለሁ።

ዓለምነሽ የፍየሏን አንገት ዳበስ አደረገች። «እንዲያው አያ ታከለ፣ አንጀቴን በሉት» አለች። «ግን አማቴ ሳታስተኩሻት እንዳትመለሽ ብለውኛል። አንገቷን ትንሽ እንኳ ነካ ቢያደርጓትስ?»

አያ ታከለ ወደ ምድጃው ዞሩ። ብረቱ እሳቱ ውስጥ ነው፣ ጫፉ ቀልቷል።

«እሺ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው ብረቱን እያወጡ። «አማትሽን ማስቀየም የለብሽም። ግን መጀመሪያ አንገትሽን ወዲህ በይ፤ አንችን ትንሽ ነካ ላድርግሽ። ቀጥ ብለሽ ከቆምሽ እሷንም እተኩሳታለሁ።»

ሽማግሌው ተናግረው ሳይጨርሱ ዓለምነሽ ከአጥሩ ውጭ ነበረች። ፍየሏ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ የጋውናቸውን ጫፍ ታኝካለች። አያ ታከለ ብረቱን ወደ እሳቱ መልሰው፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ነይ ተመለሽ» አሉ። «እሷ እንደሁ ፈተናውን አሳልፋኛለች።»